የምድጃ ሠራተኛ በዴን ሃግ

አስከሬን በሚቃጠልበት ክሬማቶሪየም ሥራ በጀመርኩበት ቀን ዊም የሚባል አንጋፋ ሠራተኛ በር ላይ ተቀበለኝና ስልኬን ጠየቀኝ። ቁጥሬን የፈለገ መስሎኝ ልነግረው ስጀምር ሳቀ። «ስልኩን ራሱን ነው። ሎከር ውስጥ ይቆለፍበታል። ምድጃ ክፍል ካሜራ ያለው ነገር አይገባም» አለኝ። ከዚያ ስሜ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ፀሐይነሽ ማለት ምን እንደሆነ ስነግረው፣ «ታዲያ ሙቀቱ አያስቸግርሽም» አለ።

ቀድሞ የምሠራው ራይስዋይክ፣ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነበር። አዲሱን ሥራ ያስተማረኝ ዊም ነው። ሣጥኑ ሲደርስ ክዳኑ ላይ ያለውን ስም ሁለት ሰው ከማቃጠያ ፈቃዱ ጋር ያመሳክራል፤ ጮክ ብሎ ይነበባል። ቁጥር የተቀረጸበት፣ እሳት የማይበግረው ክብ ድንጋይ ሣጥኑ ላይ ይቀመጣል። ድንጋዩ ከሟቹ ጋር ይገባል፣ ከአመዱ ጋር ይወጣል። በአንድ ምድጃ አንድ ሰው ብቻ። የፊተኛው አመድ ተጠርጎ ሳያልቅ የኋለኛው አይገባም። ምስማሩን ማግኔት ይለቅመዋል፤ በቀዶ ሕክምና የገባ የዳሌና የጉልበት ብረት ለብቻው ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ቶሎ ለመድኩት። ያስቸገረኝ የእኛው ሰው ነው። ከቅዳሴ በኋላ «እሳቷ መጣች!» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጓደኛዬ እታፈራሁ ግን ቀልድ አይበቃትም። እሷ ስኬቨኒንገን ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ናት፤ የእንግዶቿን ጉድ ሁሉ ትነግረኛለች፣ በምላሹም ከእኔ ትጠብቃለች።

«ከእኛ ሰው መጥቶ ያውቃል?»

«የሚመጣው ሁሉ ሰው ነው» እላታለሁ።

አንድ ጠዋት የቀኑን መርሐ ግብር ስመለከት የማውቀው ስም አየሁ። አኔከ፣ የጋሽ ተስፋይ ሆላንዳዊት ባለቤት። ጋሽ ተስፋይ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን አዲስ አበባ ተምረው ነው የመጡት። ሮተርዳም ወደብ ክሬን ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የአኔከን ሞት ሰምተን ነበር፤ ሽኝቱ ግን የቤተሰብ ብቻ ነው ተብሎ ማንም አልሄደም።

ወዲያው አለቃዬ ማሬይከ ዘንድ ሄድኩ። «ይህን ቤተሰብ አውቀዋለሁ» አልኳት።

«እንኳን ነገርሽኝ። ደውዬ ልጠይቃቸው። ስምሽን ብጠራ ቅር ይልሻል?»

«አይለኝም። ሌላ ሰው ይሻላል ካሉም መብታቸው ነው።»

ዊም ሊተካኝ ጓንቱን ማጥለቅ ጀምሮ ነበር። ማሬይከ ፈገግ ብላ ተመለሰች። «አማርኛ የምታውቅ ከሆነች እሷ ትሁን አሉ።»

ጋሽ ተስፋይ እዚህ ካደገችው ልጃቸው ከሩት ጋር መጡ። ሲያዩኝ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ፀሐይነሽ ልጄ፣ ኑዛዜዋ ሆኖ ነው። እኔስ መሬት ነበር የምፈልግላት። ቤተ ክርስቲያን ቢሰማ ምን እባላለሁ?»

«ጋሽ ተስፋይ፣ ከእኔ አይሰሙም።»

«ቢጠይቁሽስ?»

«ቢጠይቁኝም።»

«ፓፓ፣ አንተ ዝም ብለህ ማማን ሸኛት» አለች ሩት።

የምድጃውን በር የሚከፍተውን ቁልፍ መጫን ለሚፈልግ ቤተሰብ ይፈቀዳል። ጋሽ ተስፋይ እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አሳርፈው በአማርኛ ተናገሩ፤ «ነፍስሽን ይማር አኔከ። ደግ ሚስት ነበርሽ። ሾርባሽ ግን አንድም ቀን ጨው ኖሮት አያውቅም።» ሩት እያለቀሰች ሳቀች። እሳቸው ቁልፉን ተጫኑ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሣጥኑ ገባ።

እሑድ ትራም ውስጥ እታፈራሁ አጠገቤ ተቀመጠች። «የጋሽ ተስፋይ ሚስት አንቺ ዘንድ ነው የመጣችው፣ አይደል?»

«ስለ ሥራዬ አላወራም።»

«ባትመጣ ኖሮ አልመጣችም ትይ ነበር።»

እዚህ ላይ ያዘችኝ። ላልመጣው «አልመጣም» ካልኩ፣ ለመጣው ዝምታዬ «መጥቷል» ማለት ነው። «ስላልመጣም ሰው አልናገርም። ስለማንም ብትጠይቂኝ መልሴ ይኸው ነው» አልኳት። ተቀየመች። ቻው እንኳ ሳትለኝ ወረደች። ከዚያ ወዲያ ስደውል አታነሳም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሌላ ቦታ መቆም ጀመረች። እዚህ አገር እህት ብዬ የያዝኳት እሷን ነበር።

አመዱ በሕጉ መሠረት መቆየት ያለበትን ያህል ቆይቶ ጋሽ ተስፋይ ሊወስዱ መጡ። ባሕር ላይ ሲበተን እንድገኝ ለመኑኝ። በዕረፍት ቀኔ ስኬቨኒንገን ወደብ ስደርስ ጀልባዋ ላይ ከሩት አጠገብ የቆመችው ማን ሆና ትገኝ? እታፈራሁ።

ለካ ጋሽ ተስፋይ ራሳቸው ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም ተናግረዋል። «አንዳንዱ አጉረመረመ» አሉኝ። «ቄሱ ግን፣ ጸልይላት አሉኝ። ፀሐይነሽ ነች የሸኘችልኝ ስላቸው ይቺ ጓደኛሽ አፏን ያዘች።»

«አንቺ ክፉ! ከእኔ እንኳ ትደብቂ?» አለች እታፈራሁ።

«ካንቺም እንኳ።»

አቅፋኝ ጉንጬን ሳመችኝ።

የጀልባው ነጂ ጀርባችንን ለነፋሱ እንድንሰጥ ነገረን። ጋሽ ተስፋይ ግን የመጨረሻውን አመድ ሲበትኑ ዞር አሉና ጥቂቱ ኮታቸው ላይ አረፈ። ትኩር ብለው አዩትና፣ «ይኸው፣ አሁንም ኮትህን ካልጠረግሁልህ ትላለች» አሉ። ነጂው ሳቃችን ግራ ገብቶት ሩትን ጠየቃት፤ ስትተረጉምለት እሱም ሳቀ።

አሁን እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራው ላይ ላላችሁት የምላችሁ ይህን ነው። የምታውቁት ሟች ከመጣ አስቀድማችሁ ለአለቃችሁ ንገሩ፤ ምርጫው የቤተሰቡ ነው። ጠያቂ ከመጣ ስለመጣውም ስላልመጣውም አንድ ዓይነት መልስ ስጡ።