«እያወራ ነው» የተባለው ቀይ መብራት

ባሌ ወሬኛ አልነበረም። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልጽፍ ፈለግኩ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሰው ሲያማ ሰምቼው አላውቅም። ጎረቤት ገብቶ ሰላም ካለ በኋላ የሚለው ነገር የሚቸግረው ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «ስልክ ወዳጁ» እያሉ ሲያነሱት ስሰማ ደሜ ይፈላል። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ብዕሩን አስቀምጬ ወደ ባዶው ወንበር የማይበት ጊዜ ከምጽፍበት ይበልጣል።

ሁለታችንም የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ነበርን። ፋብሪካው አቃቂ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ሳሪስ፣ የመለዋወጫ ስቶሩ ደግሞ ቃሊቲ ነው። እኔ ፋብሪካው ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ እሱ የስቶሩ ኃላፊ። በአሮጌው ስልክ ጊዜ ጥሪ ሁሉ የሚያልፈው በእኔ እጅ ነበር። ማሽን የቆመበት መካኒክ «እትዬ፣ በሞቴ ስቶርን አገናኚኝ» ይለኛል፤ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ከወዲያ ባሌ «አቤት» ይላል።

ባሌ የራሱ አሠራር ነበረው። ኩሽኔታ፣ ቺንጋ ወይም ሌላ የማሽን መለዋወጫ ሲጠየቅ «እንዳትዘጋው፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» ይልና መነጋገሪያውን ጠረጴዛው ላይ ያጋድመዋል። ከዚያ መሰላሉን ጎትቶ መደርደሪያው አናት ላይ ይወጣል። እዚያ ሆኖ ይጮኻል፤ «አለሁ! እየፈለግኩ ነው!» ትንሽ ቆይቶ «አለሁ! ሳጥኑን አግኝቼዋለሁ!» አቃቂ የቆመው መካኒክ ይህን ሲሰማ ይረጋጋል፤ ሰው እየሠራለት እንደሆነ በጆሮው ያውቃላ። እኔም መስመሩ እንዳልተቋረጠ ለማጣራት ጆሮዬን ስጥል የመሰላሉን ሲጥሲጥታ እሰማለሁ። ጠሪን ሙዚቃ እያሰሙ ለማቆየት የሚጫኑት ቁልፍ እንዳለ ባሌ ያውቃል፤ ግን አይወደውም። «ማሽን ቆሞበት የሚንገበገብን ሰው ሙዚቃ ልጋብዘው?» ይል ነበር።

በኋላ አዲስ የስልክ ሲስተም መጣ። ሦስቱም ቦታዎች በአንድ መረብ ተያያዙ። የኃላፊዎቹ ስልክ ጎን ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ መብራት አጠገብ የአንድ የሥራ ክፍል ስም አለ። ቃሊቲ ያለው ሰው መነጋገሪያውን ሲያነሳ የእሱ መብራት ሳሪስም አቃቂም ይቀላል፤ ሲዘጋ አረንጓዴ ይሆናል። ሰውን በከንቱ ከመደወል ያድናል። ነገሩ መልካም ነበር፤ ክፋት የለበትም።

ሊገጥም የመጣው ቴክኒሻን ትሁት ሰው ነበር። መብራቶቹን አንድ በአንድ እያስተካከለ «እስቲ ቃሊቲን ያስነሱልኝ፣ እስቲ አሁን ያስዘጉልኝ» ይለኛል፤ እኔም ለባሌ እደውላለሁ። ባሌ አንሥቶ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው፣ ናፈቅኩሽ እንዴ?» ሲለኝ ቴክኒሻኑ ሰምቶ ሳቀ። ሲጨርስ በየስልኩ ጎን የሚለጠፍ ማብራሪያ ማዘጋጀት ነበረበት።

«አረንጓዴውን ‹ነፃ ነው› ብያለሁ፣ እትዬ። ቀዩን ምን ልበለው?»

«ተይዟል በለው» አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ለጠሪ ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ይቅርታ፣ መስመሩ ተይዟል። ማን እንደያዘው፣ ለምን እንደያዘው ቃሉ አይናገርም። የሰውን ገመና ይሸፍናል።

ሲስተሙን ሊያይ ከሌሎች ኃላፊዎች ጋር ከሳሪስ የመጣው ሥራ አስኪያጃችን ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። «ተይዟል? እትዬ፣ ያውም ቃሊቲ! አንዷ ምስኪን ‹ባሌ የት ነው› ብላ ስትደውል ‹ቃሊቲ ተይዟል› ሊሏት ነው? ስንቅ ቋጥራ ትመጣብናለች እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልድነቱስ ቀልድ ነው። እሱ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ቴክኒሻኑ ዞሮ «‹እያወራ ነው› ብለህ ጻፍ፤ ግልጽ አማርኛ» አለው።

«ጌታዬ፣ መብራቱ የሚያውቀው ስልኩ መነሣቱን ነው» አልኩ። «ሰውየው ማውራቱን በምን ያውቃል?»

«እሳቸው የሚሉትም…» ብሎ ጀመረ ቴክኒሻኑ።

«ሲስተሙ ያውቃል። አትም!»

ታተመ። ተለጠፈ። አረንጓዴ፣ ነፃ ነው። ቀይ፣ እያወራ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊገምተው ይችላል። ባሌ አሠራሩን አልለወጠም፤ የሚለውጥበትም ምክንያት አልነበረውም። ኩሽኔታ ሲጠየቅ መነጋገሪያውን ያጋድማል፣ መሰላል ይወጣል፣ «አለሁ!» ይላል። «አለሁ» ማለቱን የሚሰማው የጠየቀው መካኒክ ብቻ ነው። በአዲሱ ሲስተም ጥሪው በቀጥታ ስለሚሄድ፣ በእኔ በኩል ማለፉ ቀርቶ እኔ እንኳ አልሰማውም። ሳሪስ ያሉት የሚያዩት ቀይ መብራት ነው፤ ከሥሩ «እያወራ ነው» የሚል ጽሑፍ።

ግምገማ ተጠራ። ያኔ ግምገማ የማይጠራበት ወር አልነበረም። የሦስቱም ቦታ ሠራተኛ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ እኔ ከባሌ ኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዲት የሳሪስ ጸሐፊ ተነሣች።

«ጠዋት ስገባ ስቶር ቀይ ነው። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቀይ ነው። ሰውየው ከማን ጋር ነው ይህን ሁሉ የሚያወራው?»

ከኋላ አንዱ «ቃሊቲ ቀይ መብራት ሰፈር ተከፈተ በሉና!» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እኔ ሚስቱ እዚያው ተቀምጫለሁ። ያ አፍ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም፤ ጥርሱን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ።

ባሌ ቀስ ብሎ ተነሣ። «የቀላው ስልኩ ነው። እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ» አለ።

«መሰላል ላይ ሆነው ያወራሉ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አላወራም። ዕቃ እፈልጋለሁ።»

«ሲስተሙ ግን እያወራ ነው ይላል። ሲስተም አይዋሽም። ግለ ሂስዎን ያድርጉና እንለፍ።»

ከመካኒኮቹ መካከል አንዱ ይመሰክርለታል ብዬ ዓይኔን አዞርኩ። «አለሁ» የሚለውን ድምፅ በየቀኑ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። ስለዚህ እኔ ተነሣሁ፤ «ሲስተሙ አልተናገረም፤ ያን ቃል ያስጻፉት እርስዎ ነዎት» አልኩ። «ሚስት ለባሏ አትመሰክርም፣ ይቀመጡ» ተባልኩ። ባሌ ዞሮ «ተዪው» አለኝ። ግለ ሂስ አላደረገም። «ያላወራሁትን አወራሁ አልልም» ብሎ ተቀመጠ፤ ይህም በትዕቢት ተቆጠረበት።

ከስቶር አነሡት። በር አጠገብ የመኪና መውጫ ፈቃድ የሚታይበት ጠረጴዛ ሰጡት፤ ስልክ የሌለበት። በእሱ ቦታ የተተካው ሰው አሠራር ይለያል፤ «የለም፣ ነገ ደውል» ይልና ይዘጋል። መብራቱ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በቀጣዩ ግምገማ «ስቶር ተሻሽሏል» ተባለ። አቃቂ ማሽኖች ቆመው ይውላሉ፣ መካኒኮቹ በሚኒባስ ቃሊቲ ድረስ እየሄዱ ኩሽኔታ ይለምናሉ፣ ስቶር ግን ተሻሽሏል። ከመካኒኮቹ አንዱ ማዞሪያ ክፍሌ መጥቶ «እትዬ፣ ጋሼ ይሻለን ነበር» አለኝ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? አዳራሹ ውስጥ አፍህን ማን ሰፋው?» ብዬ አባረርኩት። አይቆጨኝም።

ኀዘኑ ገደለው አልልም። ጡረታ ከወጣ በኋላ የታመመው ኩላሊቱን ነው፤ ሐኪሙም ይህንኑ ነግሮኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቤታችን ስልክ ነበረን። ልጃችን ከሥራ ቦታዋ ስትደውል፣ ገና ደኅንነቷን ሳትነግረው «በይ፣ በይ፣ ዝጊው» ይላታል። አንድ ቀን «ቆዪ፣ መነጽሬን ላምጣ» አለና መነጋገሪያውን ሊያጋድም እጁን ከዘረጋ በኋላ ድንገት አስታውሶ ዘጋው። እንደገና እስክትደውል ቆሞ ጠበቀ። ማንም በማያየው፣ መብራት በሌለው በገዛ ቤቱ ስልክ።

ሳሪስ አቦ ከቀበርነው በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለቅሶ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁም ነበረበት፤ ሸብቷል፣ አዝኗልም፤ ማዘኑን አልክድም። ቤት ውስጥ አስገቡት፣ ስልኩ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ። ለጎረቤቶቻችን «ደግ፣ ታማኝ ሰው ነበር» አላቸው። ከዚያም በፍቅር ፈገግ ብሎ «ብቻ ስልክ ላይ ወሬ ይወድ ነበር!» አለ።

የማያውቁትም አብረው ፈገግ አሉ። እንዲህ ብሎ ሊኖር ነው፤ ጎረቤቱም ይህን ይዞ ሊወጣ ነው።

ከፍራሹ ተነሣሁ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። መነጋገሪያውን አነሣሁና ባሌ ያደርግ እንደነበረው ጠረጴዛው ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት አጋደምኩት። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስልኩ መጀመሪያ ረጅም ድምፅ አሰማ፣ ቆይቶ ቱ፣ ቱ፣ ቱ ማለት ጀመረ።

«ሲስተምዎ ቢያየው ቀይ ነው» አልኩት። «እስቲ ይንገሩኝ፣ አሁን ማን እያወራ ነው?»

ወደ ስልኩ አየ። ወደ እኔ አየ። የገባው ይመስለኛል፣ ወይም ኀዘን ያሳተኝ መስሎት ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። እጁን ወደ መነጋገሪያው ዘረጋና «ይዝጉት እንጂ፣ እትዬ» አለ በለሰለሰ ድምፅ፤ «ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ይደውላል። መስመሩ ተይዟል እኮ።»

«አዎ» አልኩት። «ተይዟል። እንዲህ ነው የሚባለው።»