እጃችሁን አንሡ

አለበል ማይክ ከጨበጠ የሚያስለቅቀው የለም ነበር። ሰርግ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ የዕድር ስብሰባ ላይ፣ አንዳንዴ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «አንድ ጊዜ ጸጥታ!» የሚለው እሱ ነው። ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቹ ድምፁን ከሦስተኛው ሰፈር ይለዩታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ክርና ቀለም ሲያስገባና ሲያስወጣ ማንም ልብ የማይለው ሰው፣ መድረክ ላይ ሲወጣ አንገቱ ይረዝማል፤ የክር ብናኝ ያመጣበት ሳልም ይጠፋል። ሚስቱ ሥርጉት «እኔስ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ድምፅ ማጉያ?» ትለዋለች። እሱ ምስጋና እየመሰለው ይስቃል።

የትውልድ ቀዬው እንዶድ ውሃ ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት የጣና ዳር ገጠር። ኮረብታው ላይ ኪዳነ ምሕረት አለች። ወይራውና ዋንዛው፣ ጥዱና ዶቅማው ስለከበባት ከሐይቁ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ደን እንጂ ቤተ ክርስቲያን አትታይም። እዚያ ደን ውስጥ መጥረቢያ ይዞ የሚገባ የለም። ነፋስ የጣለው ጭራሮ እንኳ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለማንም ጓዳ አይሆንም። የደብሩ ሰው ሲሞት ከዛፎቹ ሥር ይቀበራል፤ የአለበልም እናት ከአንድ አሮጌ ወይራ ግርጌ ናት። ችግሩ ኮረብታው ከሥር ጥቁር ድንጋይ መሆኑ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሕንፃ በሕንፃ ላይ እየደረበች፣ ጠጠር አልበቃ ብሏታል።

የቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ባሕር ዳር ያሉ ተወላጆች ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አለበል በመጀመሪያው ጉባኤ ላይ በሞቅታ «ለሚመጣው ክረምት አንዲት ጠብታ አትወርድባትም!» ብሎ ሕዝቡን አስጨበጨበ። ክረምቱ መጣ፤ ጠብታው ወረደ። ሌላም ክረምት መጣ። የእንዶድ ውሃ ሰው ጨዋ ነውና ማንም አልወቀሰውም፤ እሱ ግን ለንግሥ በሄደ ቁጥር ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ ውሃ ለመያዝ የተደረደሩትን ባልዲዎች ላለማየት ዓይኑን ወዲያ ያደርግ ነበር።

አዘዘ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አዘዘ የአንድ ጠጠር አምራች ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው፤ አፉ ቅቤ የሆነ፣ ለባብሶ የሚሄድ ሰው። በጥር ወር ፔዳ አካባቢ ካፌ ቀጠረውና ማኪያቶ አዘዘለት። ድርጅቱ ለጣሪያው የሚሆነውን ቆርቆሮ ሁሉ፣ እስከ ምስማሩ፣ በነፃ ሊሰጥ ይፈልጋል አለው። አለበል ደስታው ፊቱ ላይ ወጣ። አዘዘ ስልኩን አወጣና ድርጅቱ ድንጋይ የሚያወጣበትን ቦታ ካርታ አሳየው። ቀይ መስመር ከኮረብታው ጀርባ ተነሥቶ፣ ደኑን ለሁለት ቆርጦ፣ በመቃብሩ ላይ ያልፋል።

«ደኑ ውስጥ ይገባል እንዴ?» አለ አለበል።

«ጫፉን ነካ ቢያደርግ ነው። አሁን ይህን ለሕዝቡ ብትዘረዝርለት በከንቱ ይደናገጣል። አንተ ብቻ የቆርቆሮው ርክክብ ላይ ‹ድርጅቱ ከእኛ ጋር እንዲሠራ የምትስማሙ› ብለህ እጅ አስነሣልን። ሌላውን ለእኛ ተወው።»

መነሣት የነበረበት ያን ጊዜ ነበር። ወንበሩን ገፍቶ፣ ማኪያቶውን ትቶ፣ «ደህና ዋል» ብሎ መውጣት። አለበል ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ቆርቆሮ የጫነ ጀልባ አየ፤ እልልታ አየ፤ ራሱን ከመካከል ቆሞ አየ። ጫፍ ነው ተብሏል፣ ጫፍ ይሆናል አለ በልቡ። መስመሩ የት እንዳለፈ ግን በደንብ አይቶታል። ማኪያቶውን ጠጥቶ ጨረሰ።

የካቲት ዐሥራ ስድስት፣ ንግሡ ዕለት፣ ሰው ከየቀበሌው ጎርፎ ቆርቆሮው በእስር በእስር ተደርድሮ ባለበት አለበል ማይኩን ያዘ። እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም። ሕዝቡን አሳቀው፣ አስለቀሰው፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ «በዚህ ደስ ያላችሁ፣ ድርጅቱ ከእኛ ጋር እንዲሠራ የምትስማሙ፣ እስቲ እጃችሁን አንሡ!» አለ። ያላነሣ የለም። ቄሰ ገበዙ መርስዔ ኀዘን መስቀል የያዘ እጃቸውን አነሡ። የአለበል አክስት እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ እናቱ ስትሞት ያሳደጉት መነኩሲት፣ ሁለት እጃቸውን አንሥተው እልል አሉ። የአዘዘ ሰዎች በቪዲዮ ቀረጹ።

ክረምቱ ሲገባ ጣሪያው ጠብ አላለም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ግን ቀይ ቀለም የያዙ ሰዎች ደኑ ውስጥ ገብተው የሚቆረጡትን ዛፎች ግንድ ምልክት አደረጉባቸው። የእንዶድ ውሃ ሰው ጉድ አለ። ወንዶቹ ለስካቫተሩ የተጠረገውን መንገድ ዘጉ፤ ሴቶቹ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ ወረዳ ወረዱ። ወረዳ ላይ ቪዲዮውን አሳዩአቸው። እጅ፣ እጅ፣ እጅ ብቻ። «ይሄ የእናንተ እጅ አይደለም?» ተባሉ። የራሳቸው እጅ ነው፤ ምን ይበሉ? አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ሌላ አገር ቢሆን ሰው «ተታለልን!» ብሎ ይጮህ ነበር። እንዶድ ውሃ ግን ሰው በራሱ ላይ ፈረደ። ቄስ መርስዔ ኀዘን ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ቆርቆሮ አይተን የምንስማማበትን ነገር ሳንጠይቅ እጃችንን አንሥተናል። አባቶቻችን ያወረሱንን የእመቤታችንን ልብስ የገፈፍነው እኛው ነን» አሉ። ቀኖናም ሰጡ፣ መጀመሪያ ለራሳቸው። ያን ቀን እጁን ያነሣ ሁሉ ነገሩ እስኪለይለት ድረስ ጠዋት ጠዋት ቀይ ቀለም ከተቀባ ዛፍ ሥር ይሰግዳል።

አለበል ይህን የሰማው በስልክ ነው። «አቤቱታውን በአደባባይ የሚናገርልን አንተ ነህ፣ ና» ተባለ። ሄደ። ከጀልባው ወርዶ ዳገቱን ሲወጣ ዝናብ አባርቶ፣ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ነበር። በየዛፉ ሥር ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል። እማሆይ ወለተ ኪዳንን ያገኛቸው እናቱ ከተቀበረችበት ወይራ ሥር ነው። ቀሚሳቸው ከጉልበታቸው በታች ጭቃ ጠጥቷል። ሊነሡ ሲሉ ግንዱን ይይዛሉ፤ ትንሽ ተንፍሰው ደግሞ ይወድቃሉ።

«እማሆይ፣ ይበቃዎታል። ሌሎቹ እኮ እየጨረሱ እየሄዱ ነው» አላቸው።

«ሌሎቹማ ያነሡት አንድ አንድ እጅ ነው» አሉ። «እኔ በደስታ ሁለቱንም አነሣሁ። ታዲያ ለሁለቱም ልሰግድ ነው እንጂ!» ከዚያ ፊቱን አይተው አዘኑለት። «አንተንም እንደኛው አታለሉህ አይደል ልጄ? ምን ታረግ፤ ልብህ የዋህ ነው። አይዞህ።»

አለበልን የሚያውቀው ሰው ሁሉ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ደጀ ሰላም ያቀረቡለትን እንጀራ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው፤ የሚሰግዱት ሰዎች ሰሃኑን የሚያዩበት መሰለው። ማንም ግን አላየውም።

ባሕር ዳር ሲመለስ ለሥርጉት ነገራት። እራት ላይ፣ ካፌውንም ካርታውንም። ምናልባት «አንተ ምን ታደርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን ብለህ ነው» የምትለው መስሎት ነበር። ሥርጉት ሰማችው፤ ሰማችውና ሰሃኑን አነሣች።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችው። «እኔ እጄን አላነሣሁም።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ፋብሪካው ውስጥ እንዴት እንዳሳለፋቸው እሱ ነው የሚያውቅ። ዕቃ ሲቆጥር ይሳሳታል፤ ስልኩ ሲጮህ ይደነግጣል። ቢናገር ስሙ አፈር ይበላል። ስም ደግሞ ለአለበል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሌላ ያፈራው ሀብት የለውም። ማንም ሳያውቅ ደኑ የሚድንበት መንገድ ይኖራል እያለ ራሱን ያባብል ነበር።

በወሩ መጨረሻ ከወረዳ አንድ ኃላፊ ጉዳዩን በቦታው ላይ ሊሰማ እንዶድ ውሃ መጣ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኗ ቅጥር ውጭ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። አዘዘም መጥቷል። ኃላፊው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ነገሩን አላወሳሰበውም። ሕዝቡ እጁን ከማንሣቱ በፊት ድርጅቱ ደኑ ውስጥ እንደሚገባ እያወቀ ደብቆ ከሆነ ስምምነቱ ይፈርሳል። የተደበቀ ነገር ከሌለ ግን ይጸናል፣ ሥራውም ይጀመራል አለ።

አዘዘ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ቦታው ገና አልታወቀም ነበር። ጥናቱ ያለቀው ከርክክቡ በኋላ ነው። ምን እንደብቃለን? አቶ አለበል ምስክሬ ነው። እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም።» ይህን ብሎ ወደ አለበል ዞሮ በወዳጅነት ራሱን ነቀነቀለት።

ቄስ መርስዔ ኀዘንም ተነሡ። ለአዘዘ ብለው አይደለም፤ የቀዬአቸውን ልጅ ስም ለመጠበቅ ነው። «ስለ አለበል ያለው እውነት ነው» አሉ። «ይሄ ልጅ ምንም አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ እኛን ይደብቀናል? ጥፋቱ የኛው ነው።» ሕዝቡም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

እንግዲህ ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ጠላቱም ወዳጁም እኩል መስክረውለታል፤ ዝም ካለ ስሙ ይተርፋል፣ ደኑ ይሄዳል። አንድ ጎረምሳ እንደ ልማዱ ማይኩን አቀበለው። አለበል ተቀበለና መሬት ላይ አስቀመጠው። እንዲህ ያለውን ነገር በማይክ መናገር አልቻለም።

«ዐውቅ ነበር» አለ።

ከኋላ ያሉት አልሰሙም። «ምን አለ?» አሉ። ደግሞ ተናገረ። «ዐውቅ ነበር። በጥር ወር ፔዳ ካፌ ቁጭ ብለን ካርታውን አሳይቶኛል። መስመሩ በእናቴ መቃብር ላይ ያልፋል፤ በዓይኔ አይቸዋለሁ። ለሕዝቡ አትንገር አለኝ፤ አልነገርሁም። ከዚያ እጃችሁን አስነሣሁ። እናንተ ያጠፋችሁት ምንም የለም።»

አንድም ሰው አልጮኸም። እንዲጮኹበት ምነኛ ተመኘ! ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ቄስ መርስዔ ኀዘን፣ ገና አሁን የመሰከሩለት ሰው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡና መሬት መሬት ያዩ ጀመር።  ኃላፊው አለበልን ጥቂት ጠየቀው፤ መለሰ። ከዚያም ነገሩ እንደገና እስኪጣራ ድረስ አንድ ዛፍ እንዳይነካ፣ ስካቫተሩም ከመንገዱ እንዲመለስ ትእዛዝ ሰጠ። ሕዝቡ የጠየቀውን አገኘ፤ እልል ያለ ግን የለም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከአለበል እየሸሸ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ በአጠገቡ ሲያልፉ እንዳይነካቸው ይሁን እንዳይነኩት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። የአለበል ፊት ከነጆሮው ነደደ።

ቄስ መርስዔ ኀዘን ወደ ደኑ አፋፍ ወጥተው ቀኖናው መፈታቱን ተናገሩ። «አውቀን ስላላጠፋን ከዛሬ ጀምሮ ስግደቱ ቀርቷል፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ሰው ተበተነ። እማሆይ ወለተ ኪዳን ብቻ ወደ ወይራው ሄዱ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተንበረከኩ፤ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

«እማሆይ» አሉ ቄሱ፣ «ቀርቷል እኮ አልሁ። አልሰሙኝም?»

«ሰምቻለሁ አባቴ። የኔንስ ጨረስሁ» አሉ እማሆይ፣ ግንዱን ይዘው እየተነሡ። «ይሄ የአለበል ነው።»

አለበል ሄዶ ከጎናቸው ሊወድቅ ፈለገ። አፈረ። እሳቸው ሲወድቁና ሲነሡ፣ እሱ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት እዚያው እንደ ቆመ ቀረ።