ሁለት መጀመሪያ ያለው መጽሐፍ

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ሞልቷል። ገበያ ሲወጣ፣ ባንክ ወረፋ ሲያዝ፣ አውቶቡስ ሲጠበቅ ይሰማል። ልብ ወለድ ይዞ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ግን፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በዚያን ጊዜ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አንደኛው ሽማግሌው ደራሲ፣ ሌላዋ እኔ።

የተዋወቅነው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ዕብራይስጥ ለማይሆንላቸው አዛውንቶች አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። ልጄ ውትድርናዋን ጨርሳ ቴል አቪቭ ገብታለች፤ ከባሌ ጋር ከተለያየን ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳሻግር ውዬ ቤቴ ስገባ፣ እስከ ጠዋት ድረስ ከአፌ አንድ ቃል አይወጣም። አንድ ቀን ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ገቡ። ሐኪሟ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀች። ነገሩኝ፣ ተረጎምኩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ እኔ ልቤን ይከብደኛል ነው ያልኩሽ። አንቺ ያመዋል አልሻት። መክበድና መታመም አንድ አይደለም።»

«ዕብራይስጥ ይሰማሉ እንዴ ጋሼ?»

«ስሕተት ለማወቅ ያህል እሰማለሁ።»

ከሐኪሟ ክፍል ስንወጣ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ታይፒስት እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ኮሪደሩ መሀል ቀጥ ብለው ቆሙ። ስማቸውን ሲነግሩኝ እኔም ቆምኩ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከመጽሐፎቻቸው አንዱን ለጎረቤት ሴቶች ጮክ ብላ ታነብላቸው ነበር።

«እንግዲያው ቤቴ ትመጫለሽ» አሉኝ።

ቤታቸው መሀል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሃይፋ አሳንሰር ይጠግናል። ልጁ እዚህ አገር ሲገባ አሥር ዓመቱ ነበር፤ ወዲያው አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩትና አማርኛው አፉ ላይ ቀረ፣ ፊደሉ ግን ጠፋው። አርብ አርብ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ አባትና ልጅ ይበላሉ፣ ይተያያሉ፣ ይሄዳል። ደግ ልጅ ነው። አባቱ የጻፉትን አንድም መስመር ማንበብ አይችልም።

ወረቀቱ የሌለበት ቦታ አልነበረም። በብርቱካን ካርቶን፣ በጫማ ሳጥን፣ ከአልጋ ሥር፣ ከሶፋው ኋላ። የስልክ ሒሳብ ጀርባ፣ የሐኪም ቀጠሮ ጀርባ፣ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ጀርባ፣ ሁሉም ተጽፎበታል።

ሥራዬ እሱን መለየት ሆነ። ከክሊኒክ ስወጣ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያሉኝን በክላሴር አስቀምጣለሁ፤ ያለቀውን ለብቻ፣ ያላለቀውን ለብቻ፣ የሚጣለውን ለብቻ። የሚጣለው ክላሴር እስከ መጨረሻው ባዶ ነበር።

ከሁሉም የሚሳሱለት ያልታተመ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ነበራቸው። ታሪኩ አራት ኪሎ አካባቢ ቤቷን ለተማሪዎች ስለምታከራይ አንዲት ባልቴት ነው። የእጅ ጽሑፉ አመጣጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በጅምላ ስንጫን ዕቃ መያዝ አይፈቀድም ነበር። ጽሑፉ ወፍራም ነው። ባለቤታቸው ግማሹን አንስተው ሆዳቸው ላይ በነጠላ ጠፍረው አሰሩት፣ ቀሚሳቸውን ከላይ ለበሱ። ሃምሳ ዓመት የሆናት ሴት እርጉዝ መስላ ተሳፈረች። አንድ ወታደር አዝኖ መቀመጫ ሰጥቷቸዋል።

«አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ሳየው የያዘችው ሁለተኛውን ግማሽ ነው» አሉኝ። «ምነው የፊተኛውን ትተሽ የኋለኛውን? አልኳት። መጀመሪያውንማ በቃልህ ታውቀዋለህ፣ መጨረሻውን ግን ገና ትናንት ነው የጻፍከው አለችኝ።»

የፊተኛው ግማሽ አዲስ አበባ፣ ጎረቤታቸው ከነበሩ አስተማሪ ቤት ቀረ። ዓመታት አለፉ። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ያንን ግማሽ ከትዝታቸው እንደገና መጻፍ ጀመሩ። እኔ የደረስኩት ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው።

በዚያው ሰሞን ኑዛዜ መጻፍ ፈለጉ። መሀል ከተማ ያለ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ቤት የላቸውም፣ የሚኖሩበት የመንግሥት ነው። የሚያወርሱት ወረቀትና የድርሰት መብት ብቻ ነበር። መጽሐፎቹ የሚያስገኙት ለልጃቸው እንዲሆን፣ ምን ይታተም ምን አይታተም የሚለውን ግን እኔ እንድወስን ፈለጉ። ጠበቃው ስሜ ኑዛዜው ውስጥ ስለሚገባ ማስተርጎም እንደማልችል ነገረኝና ውጭ እንድጠብቅ አደረገኝ። እንዲያስተረጉሙ ከደራሲው ቤት ታች ፎቅ የሚኖሩ፣ ከጎንደር ገጠር የመጡ አዛውንት ተጠሩ።

ትንሽ ቆይቶ የደራሲው ሳቅ በበሩ በኩል ተሰማኝ። ከዚያ በፊት ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ጠበቃው ብቅ ብሎ፣

«አንድ ቃል ብቻ ልጠይቅሽ። እኚህ ሰው መናፍስት ነው የሚያወርሱት?» አለኝ።

ደራሲው «ረቂቆቼን በሙሉ» ብለዋል። ጎረቤታቸው ደግሞ ረቂቅ ሲባል የሚያውቁት በዓይን የማይታየውን፣ የመንፈሱን ነገር ነው፤ እንደዚያው አድርገው ተረጎሙት።

ወደ ቤት ስንመለስ «አልተሳሳተም እኮ» አሉኝ፣ ክንዴን ይዘው ቀስ እያሉ። «ማን አየው? ከአንቺ በቀር ማን አየው?»

በቀጣዩ ዓመት ያልጠበቅነው ነገር መጣ። አዲስ አበባ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ የተመለሰች አንዲት ሴት ስልክ ደወለችልኝ፤ የደራሲው የድሮ ጎረቤት፣ አስተማሪዋ፣ አደራ ብለው የሰጧት ጥቅል ነበር። ቤት ሸአን ወደምትባለው ከተማ ለመሄድ አፉላ ላይ አውቶቡስ ስትቀይር አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ተገናኘን። ሻንጣቸውን ይዘው በሚጋፉ ወታደሮች መሀል ጥቅሉን ሰጠችኝ። ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። የፊተኛው ግማሽ ነበር።

ደስ ይላቸዋል ብዬ እየተቻኮልኩ ሄድኩ። ጥቅሉን አዩት፣ አልነኩትም።

«እዚያ አስቀምጪው።»

ጥቂት ሳምንታት ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ ቆየ። እሳቸው አጠገቡ ሻይ ይጠጣሉ፣ እኔ አጠገቡ ወረቀት እለያለሁ፤ ስለ እሱ ማናችንም አናነሣም። በመጨረሻ አንድ ቀን «ፍቺውና አንብቢልኝ» አሉኝ። ዓይናቸው በጣም ደክሞ ነበር።

ማንበቡ ብዙ ቀን ወሰደ። ባልቴቷ ያን ያህል ክፉ መሆኗን አላውቅም ነበር። ክረምት ነው፤ ኪራይ ያጎደለውን ተማሪ አልጋውን ደጅ አውጥታ በዝናብ ታባርረዋለች፣ በሩንም ትዘጋበታለች። በቃላቸው በጻፉት ላይ ግን ይህ የለም። እዚያ ልጁ ተቀይሟት በራሱ ፈቃድ ነው የሚወጣው፤ ሴትዮዋ ዣንጥላ ይዛ እስከ መንገዱ ድረስ ትከተለዋለች፣ «ያዝ አንተ፣ ትታመማለህ» እያለች።

አንብቤ ጨረስኩ።

«ይህን የጻፈው ሰው ከእኔ ይበልጣል» አሉ።

«እርስዎው ነዎት እኮ ጋሼ።»

«እኔ አይደለሁም። ያ ሰው አይራራም ነበር።» ከዚያ ወደ አዲሱ ክላሴር በአገጫቸው አመለከቱ። «እዚያኛው ላይ ዣንጥላ ይዛ የምትሮጠው ባለቤቴ ናት። አንድ ተከራያችንን እንደዚያ አድርጋዋለች። ስጽፍ አላወቅኩም። እጄ ነው ያመጣት።»

«ታዲያ የትኛው ይታተም?»

«ለምን አንቺን ኑዛዜ ላይ ያስገባሁሽ ይመስልሻል?»

ተናደድኩ። አሁን በሕይወት እያሉ፣ እዚህ ተቀምጠው እያሉ ለምን ለእኔ እንደሚተዉት ጠየቅኳቸው።

«አሮጌውን ልምረጥ ብል እሷን ሁለተኛ መቅበሬ ነው። አዲሱን ልምረጥ ብል መጽሐፉን መግደሌ ነው። እኔ ይቅርብኝ ልጄ። አንቺ አላወቅሻትም፣ ይቀልሻል።»

አልቀለለኝም። እሳቸው በክረምቱ መሀል ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። የሰባቱን ቀን ሐዘን ልጃቸው እዚያው ቤት ተቀመጠ። ሰው ገባ ወጣ አለ፤ የጸሎት ቤት ሰዎች፣ ጎረቤቶች፣ የልጁ የሥራ ባልደረቦች። ሁሉም «ደግ ሰው ነበሩ» አሉ። ደግ አልነበሩም፤ ለቃል የሚጠነቀቁ ሰው ነበሩ። ይህን የምነግረው ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን ባይ አጣሁ። ጥግ ላይ ተቀምጬ ሰው ላመጣው ምግብ ሳህን ሳቀብል ዋልኩ።

ቤቱ ለመንግሥት መመለስ ስላለበት ካርቶኖቹን ወደ እኔ ቤት አዛወርን። ልጃቸው በሥራ መኪናው አመጣቸውና የልጄ መኝታ ቤት የነበረው ክፍል ውስጥ ደረደራቸው። ከመሄዱ በፊት አንዱን ካርቶን ከፍቶ ወረቀቶቹን ጥቂት አገላበጠ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«የቱ?»

«ሁሉም።»

ሻይ አፈላሁለት።

ከአዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ደጋግሞ ይደውል ነበር። መጽሐፉን ይፈልገዋል፤ ሁለት መጀመሪያ እንዳለው ስነግረው «የሚሻለውን ይላኩልን» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነበር። ሁለቱንም እንደገና አነበብኩ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ሴትዮዋ ስትታመም ያ ያባረረችው ተማሪ ትልቅ ሰው ሆኖ በደጇ ያልፋል፣ አይቷት እንዳላየ ይሆናል። ታሪኩ በሙሉ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ዣንጥላ ይዛ ከተከተለችው ግን ልጁ ባለጌ ይሆናል እንጂ የተበደለ አይሆንም፤ መጨረሻው ይፈርሳል። ባለቤታቸው ሆዳቸው ላይ አስረው ያመጡት ግማሽ እኚያው ባለቤታቸው ዣንጥላ ይዘው ያሉበትን መጀመሪያ አልቀበልም አለ።

ይህን ከተረዳሁ በኋላም ብዙ ወራት አልላኩትም። ሌላ ሰው እንዲያነበውና «ልክ ነሽ» እንዲለኝ ፈለግኩ። ልጄን በስልክ ሞከርኳት። «እማዬ፣ የመሰለሽን አድርጊ፣ ማን ይጠይቅሻል?» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ማንም አለመጠየቁ ነበር የከበደኝ።

በመጨረሻ አሮጌውን መጀመሪያ በኮምፒውተር መክተብ ጀመርኩ። የማተሚያ ቤቱ ጣቶቼ አዲሱን የፊደል ሰሌዳ አልለምድ ብለው በሁለት ጣት ነው የጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ ስደርስ ሳላስበው ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፤ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነጠላ ሰረዝ ነው ድርብ ሰረዝ?» እላለሁ። ከዚያ ራሴው እወስናለሁ። ድርብ ሰረዝ ያበዙ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ድርብ አደረግኩት።

መጽሐፉ ታተመ። አንድ ካርቶን ወደ አፉላ ተላከልኝ። መትናሱ፣ የሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል፣ አንድ ክፍል ፈቅዶልን ትንሽ ዝግጅት አደረግን። ብዙ ወንበር ደረደርኩ፤ አብዛኛው ባዶ ቀረ። ኑዛዜውን ያስተረጎሙት ጎረቤት የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው ፊት ተቀመጡ። የመባረሩን ምዕራፍ አነበብኩ። አዛውንቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ምን ያለች አረመኔ ናት እባካችሁ» አሉ። ከዚያ ምሽት ሁሉ ደስ ያለኝ ያ ብቻ ነው።

ሁሉም ሲወጣ ልጃቸው ወንበር አብሮኝ አነሣ። ከዚያ መጽሐፉን በእጁ እንደያዘ፣

«ኢማ የቷ ናት? አባዬ ሁልጊዜ እናትህን ጽፌያታለሁ ይለኝ ነበር» አለኝ።

«እዚህኛው ውስጥ የለችም። ሌላኛው ላይ ናት።»

«ሌላኛው የታለ?»

«እኔ ቤት። እንዳይታተም የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣም። በዚያው ተከትሎኝ ወደ ቤቴ መጣ፤ ክላሴሩን አውጥቼ የዣንጥላውን ምዕራፍ አነበብኩለት። አንዳንዱ ቃል አልገባው ሲል በዕብራይስጥ ነገርኩት። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ አዳመጠ። ስጨርስ ኮፒ እንዳደርግለት ለመነኝ።

«አታነበውም እኮ» አልኩት፤ ሳልፈልግ አመለጠኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «ቢሆንም ቤቴ ይኑር።»

በማግስቱ አባዝቼ ላክሁለት። ከዚያ በኋላ በበዓል በበዓል ይደውላል፤ ደህንነቴን ይጠይቃል፣ ስለ መጽሐፉ አያነሣም።

ባለፈው ሰሞን የልቤ ምርመራ አላማረም ተባልኩና ያንኑ ጠበቃ ለማነጋገር ሄድኩ። ሸብቷል፤ ግን አስታወሰኝ። የራሴን ነገር በአጭሩ ጨረስን፣ ሁሉም ለልጄ ነው። ከዚያ ስለ ደራሲው ወረቀቶች ጠየቀኝ። ለአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ጽፌ፣ አማርኛ የሚያነብ ሠራተኛ ስለሌለን ለጊዜው መቀበል አንችልም እንዳሉኝ ነገርኩት።

«እንግዲያው ከአንቺ በኋላ ውሳኔው የማን ይሁን? ስም ስጪኝ» አለና ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

የማውቀውን ሰው ሁሉ በልቤ አዞርኩ። የክሊኒኩን ሰዎች፣ የሰፈሩን፣ የልጄን ጓደኞች፣ አውቶቡስ ላይ ሰላም የምላቸውን። በመስኮቱ በኩል ከታች መንገድ ላይ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር።

«ሌላ ቀን ልመለስ» አልኩት።

«ቦታውን ክፍት እተውልሻለሁ» አለኝ፤ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።