ሰባት ብር፣ አንድ መንጋጋ

ጅጅጋ ውስጥ የኋላሸትን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ የሰው ወሬ የማይሰማ ጨዋ ነው። ጨዋው ከእንግዳው ይልቅ ብርቅ ነው። አያቱ ጠመንጃ ተሸክመው የመጡ ወታደር ነበሩ፤ አባቱ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፤ እሱ ደግሞ ጠመንጃውንም ብዕሩንም ትቶ የድሮ ብር ነጋዴ ሆነ። በሐርተሼክና በሀርሺን እየዞረ፣ እናቶች ከሙሽርነታቸው ጀምሮ በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ጠገራ ብር፣ የምኒልክ ብርና የህንድ ሩፒ ይሰበስባል፤ አዲስ አበባ ላሉ ሰብሳቢዎች ይሸጣል። ሰብሳቢ ማለት፣ እሱ እንደሚለው፣ ዳቦ የማይገዛ ብር ዳቦ በሚገዛ ብር የሚገዛ ሰው ነው። ምኒልክ ብር ላይ ያለው አንበሳ ቀኝ እግሩን ካነሳ አንድ ዋጋ አለው፣ ግራውን ካነሳ ሌላ።

"ያንተ አንበሳ በአራቱም እግሩ ቢሮጥ እኛ ቤት አይደርስም" ትለዋለች ሚስቱ ሶሲና።

አንድ ጊዜ ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ የ2010 ሐምሌ መጣ። ከተማዋ ስትታመስ ሱቁን ሰብረው የሃያ ዓመት ስብስቡን ዘረፉ፤ እሱንም በፌሮ ፈነከቱት። ጎረቤቱ ኢስተሂል ደሙ እየተንጠባጠበ ጎትታ ከፍየሎቿ ጋር ቆለፈችበት። ሦስት ቀን እዚያ ተኛ። "ፍየሎቹ ሽታህን መቋቋም አቅቷቸው ነው ያወጣሁህ" እያለች እስከ ዛሬ ታስቀዋለች። ሲወጣ ከስሙ በቀር የቀረው ነገር አልነበረም።

ስሙ ግን አበላው። የገጠር ሴቶች ሐብላቸውን ያለ ወረቀትና ያለ ምስክር ይሰጡታል፤ ሸጦ ገንዘቡን ያመጣላቸዋል። እኛ አደራ የምንለውን እነሱ አማና ይሉታል። የኋላሸት አማናን ከራሱ ዕቃ አይቀላቅልም፤ የራሱን በወገቡ፣ አማናውን በባቱ ላይ አስሮ ይሄዳል። ኬላ ላይ ሲያስቆሙት ሳይጠየቅ ሱሪውን ይሰበስብና "ያኛው የኔ ነው፣ ይሄ አማና ነው" ይላል። ሲጋራውን የሚወስድበት ፈታሽ እንኳ አማናውን ነክቶበት አያውቅም።

በ2014ቱ ድርቅ የሀርሺኗ ሆዶ ከብቶቿ አለቁባት። ሰባ ዓመት ያለፋት መበለት ናት። ከአንገቷ ሰባት ብር ያለበትን ሐብል ፈታች። ስድስቱ ጠገራ፣ መካከለኛው ግን ምኒልክ ነበር፤ አንበሳው ደግሞ ያንን ውድ እግሩን ያነሳ። የኋላሸት ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው።

"ኤዶ፣ ይሄ አንዱ ብቻ አሥራ አምስት ፍየል ይገዛል" አላት፤ ኤዶ አክስቴ ማለት ነው።

"ፍየሎቹን አምጣልኝ። ካላመጣህ ተፈናቃይ መጠለያ መግባቴ ነው" አለች ሆዶ። "እዚያ ገብቶ የወጣ ጎረቤት የለኝም።"

ሐብሉን ባቱ ላይ አስሮ በማሃድ ላንድክሩዘር ተሳፈረ። ማሃድ ሲነዳ የሚያወራ፣ ሲያወራ መንገዱን የሚረሳ ሾፌር ነው። ሐርተሼክ ላይ ሁለት ሰዎች ጫኑ። አንዱ ኮፍያ ያደረገ ዝምተኛ ነው፤ ሌላው ዩኒስ እባላለሁ ያለ ከሲታ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ማሃድ ቀስ አለ። ያኔ ባለ ኮፍያው ሽጉጥ ማጅራቱ ላይ ደገነበት።

"ወደ ቁጥቋጦው ንዳ።"

"አዴር" አለ ማሃድ፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ ወደ የኋላሸት ዞሮ፣ "እነዚህ ሰዎች ሂሳብ የሚከፍሉ አይመስለኝም።"

ለቀልዱ የሽጉጥ ሰደፍ ጆሮው ላይ ተከፈለው። የገዛ ሽርጡን ፈተው ሁለት እጁን ከመሪው ጋር አሰሩት፤ በሙታንታ ቀረ። የኋላሸትን በፀጉሩ ጎትተው አወረዱት። በሆዱ ሲያስተኙት ባለ ኮፍያው ጎኑን ደጋግሞ ረገጠው። ሁለተኛው እርግጫ ላይ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ማሃድ መኪና ውስጥ ሆኖ ሰማሁ ይላል። ማሃድ ብዙ ይላል፤ ይሄን ግን ሐኪሙም አረጋግጧል።

ቀበቶውን ቀደዱት። አርባ የራሱ ብሮች አፈር ላይ ፈሰሱ። ዩኒስ ለቀማቸው።

"በቃ" አለ ዩኒስ። "እንሂድ።"

እዚህ ላይ አፉን ይዞ ቢተኛ ኖሮ ታሪኩ አልቆ ነበር፤ ባቱን ማንም አልፈተሸም። ባለ ኮፍያው ግን ጫማውም ጥሩ ነው ብሎ እግሩን ሲይዝ፣ የኋላሸት ዕድሜ ልኩን ኬላ ላይ የለመደው ነገር ሳያስበው ከአፉ ወጣ፦

"ያኛው የኔ ነበር፣ ውሰዱት። ይሄ አማና ነው!"

ባለ ኮፍያው ሱሪውን ገለበው። የብሩ ነጸብራቅ ፊቱ ላይ አረፈ።

"ወላሂ፣ ራሱ ነገረን!" ብሎ ሳቀ።

ዩኒስ አልሳቀም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ተወው። አማና ነው ተብለሃል።"

"ሌባ ነህ ወይስ ሼክ?"

"ሌባ ነኝ። አማና ግን አልበላም። የሚበላ ሰው ሞቱ አያምርም።"

"ያንተ ሞት እንዲያምር እኔ ልራብ?" አለ ባለ ኮፍያው፣ ሐብሉንም ያዘው።

የኋላሸት ተወርውሮ የሐብሉን መካከል በጥርሱ ነከሰ። ሌላው ይጎትታል፣ እሱ ይነክሳል፤ ሁለት ውሻ በአንድ ጅማት። ባለ ኮፍያው ሽጉጡን ገልብጦ በሰደፉ አፉን መታው። የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። አልለቀቀም። ሁለተኛው ምት መንጋጋውን ሰበረው፤ አሁንም ብሩ በድዱና በተሰበረው አጥንት መሃል ነበር። ሦስተኛው ሲሰነዘር ዩኒስ ጩቤውን መዝዞ በባለ ኮፍያው ባት ላይ ሰካው። ባለ ኮፍያው ጮኾ ዞረና ተኮሰ። ዩኒስ ጭኑን ይዞ ወደቀ። ደሙ እስከ ባለ ኮፍያው ሸሚዝ ድረስ ተረጨ።

በዚህ መሃል ማሃድ እጁ ታስሮ፣ ምላሱም ለአንዴ ከድቶት፣ ግንባሩን ጡሩንባው ላይ እየፈጠፈጠ ነበር። የግመሎቹ ባለቤቶች በትራቸውን ይዘው መጡ። ባለ ኮፍያው ያገኘውን አፈሰ፤ ከዩኒስ ኪስ አርባዎቹን ብሮች፣ ከተበጠሰው ሐብል ደግሞ አራት ጠገራ። እያነከሰ ጠፋ፤ ዛሬም አልተያዘም።

ግመለኞቹ ያገኙት ሌባ ዩኒስን ብቻ ነው። በትር ወረደበት። ራሱ ተከፈተ፣ ክንዱ ዞረ። የኋላሸት "ተዉት" እንዳይል አፍ የለውም። በደረቱ እየተሳበ ሄዶ ላዩ ላይ ተኛበት። የመጨረሻዎቹን አራት ምቶች ጀርባው ተቀበለ፤ ከዚያ ማሃድ ከመሪው ጋር ታስሮ "ኧረ ነጋዴውን ገደላችሁት!" ብሎ ሲያምባርቅ ቆሙ።

ጅጅጋ ሆስፒታል መንጋጋውን በሽቦ አሰሩለት። ዩኒስ ከሁለት አልጋ ወዲያ ፖሊስ አጠገቡ ተቀምጦ ተኝቷል። ሶሲና ለባሏ ሾርባ በስትሮ ታጠጣና የተረፈውን ለሌባው ትወስዳለች፤ "ባሌን አሰብረህ ሾርባዬን ትጠጣለህ!" ብላ ትሰድበዋለች፣ ጎንበስ ብላም ታጠጣዋለች።

ሦስት ብር ቀርቶ ነበር፤ ሁለት ጠገራና ምኒልኩ። የኋላሸት አልጋው ላይ ሆኖ ምኒልኩን ወደ መስኮቱ አዞረው። የሽጉጡ ሰደፍ አንበሳውን ያገኘው ልክ በተነሳው እግሩ ላይ ነው፤ እግሩ ጠፍቶ ጎድጓዳ ቀርቷል። ሰብሳቢ እንዲህ ያለ ብር በነጻ ቢሰጠው እንኳ አይወስድም። ከእንግዲህ ብር ብቻ ነው፣ በሚዛን የሚሸጥ። የመንጋጋው ሽቦ እየሳበው አለቀሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ሀርሺን ሄደ። አፉ ታስሯልና ማሃድ ተናገረለት፤ ግመለኞቹ ሃምሳ ሆኑ፣ ጥይቱም ስድስት። ሆዶ እስኪጨርስ ጠበቀች።

"ሽጉጥ ሲመዙበት ለምን አልሰጠም?"

"አማናሽ ነዋ፣ ኤዶ።"

ሆዶ ተነሳች። በበትሯ የኋላሸትን ትከሻ አቀመሰችው፤ ደገመችው።

"አንተ ደደብ! ለብር ሰው ይሞታል? ሚስት የለህም? የሬሳህን አማና ማን ይቀበለኛል?" ሦስተኛውን ልትሰነዝር ክንዷ ከዳትና ተቀመጠች።

የኋላሸት ሦስቱን ብሮች ጭኗ ላይ አደረገ፤ የተጎዳውን አንበሳ በጣቱ አሳያት፣ ራሱን ነቀነቀ። ገባት። ብሮቹን በጨርቅ ቋጥራ መልሳ እጁ ላይ ጫነችለት። እጁን ሰበሰበ።

"ያዝ እንጂ! ለማን ልስጠው? ለዚህ ለለፍላፊው?"

"እኔ እዚህ ነኝ ያለሁት፣ ኤዶ" አለ ማሃድ።

የኋላሸት ያዘ።

ጅጅጋ ላይ ብር አንጥረኛው ሦስቱን መዝኖ ዋጋቸውን ከፈለና ከሰል ውስጥ ጣላቸው። ዕድሜ ልኩን ሲፈልገው የኖረው አንበሳ መጀመሪያ ጋማው፣ ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያ ዘውዱ ቀለጠ። አንጥረኛው "ወንበር ልስጥህ?" አለው። እስኪያልቅ ቆሞ አየ።

ሦስት ፍየል ገዛ። በማሃድ መኪና ወሰደላት። ሆዶ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ዳሰሰችና አንደኛዋ እርጉዝ መሆኗን ነገረችው። መጠለያ አልገባችም።