በምን ልማልልሽ?

ሰፈራችን «አኩራፊው» ብሎ የሰየመው ሰው አኩራፊ አልነበረም። ስሙ የወጣለት ከሰላምታ ነው። ጠዋት ደረጃ ላይ አግኝታችሁት «እንደምን አደርክ?» ብትሉት «ደህና» ይላል፤ እዚያው ላይ ያበቃል። የእኛ ጆሮ ደግሞ ከ«ደህና» በኋላ የሚከተል ነገር ይጠብቃል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲቀር ቃሉ ይጎመዝዛል፤ ሰውየው የሆነ ነገር ያስቀየመው ይመስላል። ውለታ ሲውሉለት «እግዜር ይስጥልኝ» አይልም፤ «አመሰግናለሁ» ይላል፣ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ማለት ስለማይሆንለት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ በኋላ ይሄዳል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ግን ዝም ብሎ። «ይሄ ሰው ከእግዜር ጋር ተኳርፎ ነው» አለ አንድ ቀልደኛ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ቋንቋችን ሳያምኑ እንዲናገሩበት የተበጀ አይደለም። እኔ አማኝ ነኝ፤ ፍልስፍና ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ብወጣም ጠዋት ጠዋት እጸልያለሁ። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ስለነበረ ግን፣ ያንን አጭር «ደህና» በሰማሁ ቁጥር ይህ ሰው በቀን ስንት ቃል እየዘለለ እንደሚውል አስብ ነበር።

የሚሠራው በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል። የተቆረጠውን እግር ቅርጽ በጄሶ ያወጣል፣ ጄሶው ሲደርቅ ይሞርደዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል። አጥንቱ የት ላይ እንደሚጫን የሚለየው እንዲያ ነው። ታካሚው በአዲሱ እግር የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲራመድ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ ያለቅሳል። አጠገቡ የሚሠራው ቆዳ ሰፊ በዚህ ያሾፍበት ነበር።

«አንተ ስትለፋ ትከርማለህ፤ ምስጋናውን ሌላ ይወስደዋል።»

«ይውሰደው» ይላል እየሳቀ። «እግሩ ሲያቆስላቸው ግን ስሞታው የሚመጣው ወደ እኔ ነው።»

ሲቆጣ የሚታየው የሰው ሠራሹ እግር ማሰሪያ ተዛንፎ የተሰፋ እንደሆነ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወንድሙና የወንድሙ ሚስት በመኪና አደጋ ባንድ ቀን ሞቱ። አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ቀረች፤ ሁላችንም «ሚጡ» የምንላት። አኩራፊው ላጤ ነው፣ ልጅ ማሳደግ የት ያውቃል ተባለ። ወሰዳት። ጸጉር መጎንጎን ከባለቤቴ ተማረ። መጀመሪያ ሰሞን «አጎዬ፣ ያማል!» የሚለው ጩኸት ግድግዳውን አልፎ ይመጣብን ነበር፤ በኋላ ሳቅ ብቻ ሆነ። ሾርባ ሲያቀጥንባት ትወቅሰዋለች፤ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ቦርሳዋን በራሱ ትከሻ አንጠልጥሎ፣ ያ ትልቅ ሰው፣ ሮዝ ቦርሳ ይዞ ሲሄድ ሰፈሩ ይስቅ ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ።

የልጅቷ እናት ታላቅ እህት በየጊዜው እየመጣች ትጠይቃት ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። አንድ እሑድ እኔም እዚያው ተቀምጬ ሳለ መጣችና ልጅቷን አቀፈቻት።

«ሚጡዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?»

«ደህና ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን በያ!»

«አጎዬም አይልም እኮ» አለች ልጅቷ፣ ከምትስለው ስዕል ቀና ሳትል።

አክስትየው ፊቷ ጠቆረ። ያመጣችውን ብስኩት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ብዙም ሳትቆይ ሄደች። በሳምንቱ ልጅቷን ልወስዳት ነው አለች። ፍርድ ቤት ከመካሰስ በፊት ሽማግሌ ይነጋገርበት ተባለና እኔና አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ተቀመጥን። ሹፌሩን «ጋሽ ፍሬቻ» እንለዋለን፤ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ጣቱን ስለሚያነሳ ነው። ሚጡን ባለቤቴ ወደ እኛ ቤት ወሰደቻት።

«እኔ ይበድላታል አላልኩም» አለች አክስትየው። «ትበላለች፣ ትለብሳለች፣ ታጠናለች። ግን እናቷ ሰማይ ቤት ሆና እየጠበቀቻት ነው። ልጅቷ መንገዱን ሳታውቀው ብታድግስ? እኔ ነገ እህቴን በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ።

«እትዬ» አለ አኩራፊው፣ «ጸሎት ቤት ትሂድ። ራሴ እወስዳታለሁ፤ እስክትጨርስ በር ላይ እጠብቃታለሁ። እዚያ የምትማረውን እቤት አላፈርስባትም። ቃሌ ነው።»

ጋሽ ፍሬቻ ጣቱን አነሳ። «ተገላገልን! ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?»

አክስትየው እንባዋን ጠረገች። «እንግዲያው ይማልልኝ። በእግዚአብሔር ስም ይማልልኝና እዚሁ ትደግ። እኔም ሰው ነኝ፣ ከለመደችው ቤት ላወጣት ደስ ብሎኝ አይደለም።»

«በእሱ አልምልም፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«አላምንማ። የማላምንበትን ስም ጠርቼ ብምልልሽ የመጀመሪያው ውሸት ራሱ መሐላው ይሆናል።»

«ታዲያ በምን ትምላለህ? አንድ የምትፈራው ነገር እንኳ የለህም?»

«በምን ልማልልሽ? ቃሌን ሰጠሁሽ።»

«ቃልማ ነፋስ ነው። ብታጥፈው ማን ያይሃል?»

«ሚጡ ታየኛለች።»

«ሚጡ ስትተኛስ?»

«ስትተኛም» አለ ቀስ ብሎ፣ «ብርድ ልብሷን የምመልስላት እኔ ነኝ። እየተገላበጠች ትጥለዋለች።»

ጋሽ ፍሬቻ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር። አክስትየውም ለአፍታ ልቧ የራራ መሰለኝ፤ ግን መልሳ ጠነከረች።

«አንተ እግዜር ላይ ተቆጥተሃል። ወንድምህን ወሰደብኝ ብለህ ነው። እኔስ? የእኔን እህት አልወሰደም? እኔ ግን አላኮረፍኩትም።»

«ብቆጣበትማ ምንኛ በቀለለኝ» አለ። «የሚቆጡት አለ በሚሉት ላይ ነው። ወንድሜን የገደለው ፍሬኑ ያለቀ የጭነት መኪና ነው። ፍሬን እስከ መቼ ይኮረፋል፣ እትዬ?»

ጋሽ ፍሬቻ ክንዱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣው፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«አንተ፣ ጤነኛ ነህ? ለአንተ ባዶ ቃል ነው አይደል? ባዶ ከሆነ ምኑ ነው የሚከብድህ? በላ! ምላስህን አይቆርጠው!»

«ለእኔ ባዶ ነው፣ ጋሼ። ለእሷ አይደለም። በገዛ እምነቷ እሷኑ ላታልላት?»

«ምኑን አታለልካት? ቃልህን ልትጠብቅ አይደለም እንዴ?»

«እጠብቃለሁ። እሷ ግን ፈርቼ የጠበቅኩት መስሏት ትኖራለች።»

«ይምሰላት! ይምሰላታ! ልጅቷን እኮ ነው የምታጣት፣ አንተ ደረቅ!»

አኩራፊው ግድግዳውን ተደግፎ ወደ እኔ ተመለከተ። እንዲምል እንደምፈልግ ነገርኩት። ለእኔ የእግዚአብሔር ስም የከበረ ነው፤ ቢሆንም እንዲምል ፈለግኩ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ወደ ሳሎኑ ተመልሶ ያንኑ «አልምልም» ደገመው።

የሚፈራው የሌለ ሰው ከክፉ የሚከለክለው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አንስቼ ተማሪ አከራክሬበታለሁ። እግዜርን የካደ ሰው በሐሰት ለመማል ከማንም የበለጠ ነጻ መሆን ነበረበት። ያን ቀን ያየሁት ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ ከዚያም በኋላ ልቤ አልተረጋጋም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አበው። ሰው ንግግር ለማሳመር የሚጥለው አባባል ነው እንጂ የምር የሚከፍለው ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግሞስ ይህን ያህል ለቃል መታመን ተገቢ ነው? ልጅ በእጁ ያለ ሰው ራሱን ንጹሕ አድርጎ የማቆየት መብት አለው? ወይስ ልጅ ያለበት ሰው እጁን ማቆሸሽ ነበረበት? በአንዱ ቀን አንዱን እላለሁ፣ በሌላው ቀን ሌላውን።

ቅዳሜ ጠዋት አክስትየው በታክሲ መጣች። የሚጡ ልብስ በሁለት ሻንጣ ተጭኖ ሲያልቅ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አጎቷን ሽቅብ አየችው።

«አጎዬ፣ ብትምል ኖሮ እቀር ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ለምን አልማልክም?»

«ውሸት ስለሚሆንብኝ።»

አሰበች። «ለእኔ ብለህም?»

ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ ልጅቷም መልሱን እየጠበቀች፣ አንገቷን ወደ ኋላ እንዳዞረች ታክሲው ወሰዳት።

ከሰዓት በሬን አንኳኳ። የትምህርት ቤት ጫማዎቿን ይዟል።

«በነጠላ ጫማ ነው የሄደችው። ሰኞ በምን ትሄዳለች?»

ብቻውን እንዲሄድ አልፈለግኩም፤ አብሬው ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጫማዎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ኩራት ይሆን እንዴ?»

«ምኑ?»

«እምቢ ያልኩት።»

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኩት። እውነትም አላውቅም ነበር።

አክስትየው ራሷ ከፈተችልን። ከኋላዋ ልጆቿ ጠረጴዛ ከበው ከምግብ በፊት ይጸልያሉ፤ ሚጡ በመካከላቸው ዓይኗን ጨፍናለች። ያበጠው ዓይኗ ስታለቅስ መዋሏን ይናገራል።

«ግቡ እንጂ» አለች አክስትየው።

«አይ፣ ትጨርስ» አለ እሱ በሹክሹክታ።

ሴትየዋ በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችው። «ስማኝ ወንድሜ፣ አሁንም አልረፈደም። እህል አልቀመሰችም። እኔም ልቤ አላረፈም። አንዲት ቃል በለኝና ይዘሃት ሂድ።»

እኔ፣ ሽማግሌው፣ እግዚአብሔር በስሙ በሐሰት እንዲያስምለው በሆዴ እየለመንኩ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያለው መሰለኝ። ሴትየዋም መስሏት አንድ እጇን ወደ በሩ እጀታ ሰደደች።

«አልችልም፣ እትዬ» አለ።

ከዚያ ተንበረከከ፤ ጫማዎቹን የበሩ ደፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሚጡ ማሰሪያውን አጥብቃ ነው የምትቋጥረው። በእነዚያ ጄሶ በለመዱ ጣቶቹ፣ ቋጠሮውን መጀመሪያ የአንዱን፣ ከዚያ የሌላውን ፈታ።

«ጠዋት ስትቸኩል እንዳያስቸግራት» አለና ተነስቶ ደረጃውን ወረደ።