በአንድ እጅ የሚፈታ ሞተር

የገጨኝ ባጃጅ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «መኪና» እላለሁ። ዳሌዬ ውስጥ ብረት ገብቶልኝ፣ ያን ሁሉ ወር አልጋ ላይ ከርሜ፣ ባጃጅ ነው ማለት ያሳፍረኛል። ጎፋ መንገድ ስሻገር ነበር፤ የተሰበረውም ግራ ጎኔ ነው። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ እያየ «ቀኙ ደህና ነው፤ መኪናሽ ኦቶማቲክ ከሆነች ትነጃለሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ምክር ሰጠኝ፤ እኔ አንዱንም አልሰማሁም። ትነጃለሽ ብሎኛላ!

መኪናዬ ኦቶማቲክ ናት። ቤትም አለን፤ መካኒሳ አቦ አጠገብ፣ አባታችን የሠራው፣ አሁን እናቴና እኔ ብቻ የምንኖርበት። ችግሩ በመኪናዋና በቤቱ መካከል ያለው በር ነበር።

በሩ የሰፈራችን በር ሁሉ ዓይነት ነው። ባለ ሁለት ተካፋች፣ ከባድ ላሜራ፣ በአንደኛው ተካፋች ላይ ሰው የሚገባባት ትንሽ በር የተቆረጠችበት። መኪና ለማስገባት መጀመሪያ ከውስጥ ያለውን መቀርቀሪያ መሳብ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬት ውስጥ የገባውን ዘንግ ማንሳት፣ ከዚያ አንዱን ተካፋች፣ ቀጥሎ ሌላውን እየገፉ መክፈት ነው። ድሮ ይህን ሁሉ የማደርገው ስለ እራት እያሰብኩ ነበር። አሁን ግን አንድ እጄን ክራንች ይዞታል፣ ጎንበስ ማለትም ተከልክያለሁ።

ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዬን ይዤ የወጣሁ ቀን እስከ ነፋስ ስልክ ደርሼ ተመለስኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ መንገድ የዘጋብኝን ታክሲ እንኳ አልሰደብኩም፣ እኔን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ደጃፋችን ስደርስ እንደ ድሮው ክላክስ አደረግኩ። እናቴ ከውስጥ «መጣሁ! መጣሁ!» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ ብረቱ ሲንኳኳ፣ ቀጥሎ ደግሞ እናቴ ስታቃስት። በሩ ገርበብ ሲል አንድ ፍሬ የምታክለው እናቴ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ ላሜራውን በትከሻዋ ስትገፋ አየኋት። መሪውን ጨብጬ አለቀስኩ። ካለቀስኩት ውስጥ ብዙው ንዴት ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ የዚያኑ እሑድ መጣ። እሱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሊፍት ያለው አፓርትመንት ውስጥ ነው የሚኖረው።

«ቤቱን እናከራየውና ሁለታችሁም እኔ ጋ ኑ» አለ። «ሊፍት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ በር የሚከፍትልሽ ሰው አለ።»

«እኔ በር የሚከፍትልኝ ሰው አልፈልግም።»

«ታዲያ ማን ሊከፍተው ነው? እማዬ?»

ዘበኛ እንዳንቀጥር፣ ግቢያችን መኪናዋ ከገባች ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ነው፤ ዘበኛውን የት ልናሳድረው? ደግሞ ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፣ አዝኖልኝ ነው። ያዘነልህን ሰው መከራከር ከባድ ነው። ግን ይህን ቤት ለቅቄ ከወጣሁ ተመልሼ እንደማልገባበት አውቀው ነበር። ሰው ቤት የምጦር እህት ሆኜ ልቀር ነው። በአርባ ስድስት ዓመቴ!

«ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። «ለበሩ ሞተር አስገባለሁ። ብቻዬን ወጥቼ ብቻዬን መግባት ካልቻልኩ ዕቃችንን ራስህ ትጭነዋለህ።»

«እሺ» አለ፤ ፊቱን ሳየው ግን የዕቃ መኪና ከወዲሁ እያፈላለገ ነበር።

እኔና ወንድሜ ሞተር የሚሸጥ ሱቅ ጎፋ አገኘን። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው፤ ገና ሳንቀመጥ ትልቁን ሞተር እያሻሸ «ይሄ የፋብሪካ በር ይስባል» አለን። ወንድሜ ወዲያው ወደደው። እኔ የበራችንን ስፋት በሴንቲሜትር ለክቼ ነበር የመጣሁት፤ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ማንም እንዲያታልለኝ አልፈልግም። ሻጩ ግን ወረቀቴን ሳያይ «ተንሸራታች ካደረግነው በሩ የሚሸሽበት ግድግዳስ ስፋቱ ምን ያህል ነው?» ሲለኝ ክው አልኩ። በሩን ለክቼ አጠገቡን ረስቼ! እናቴ ጋ ደወልኩ። ሜትር አላገኘችም፤ ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለችና ከበሩ እስከ ኩሽናው ያለውን ግድግዳ በክንድ ነገረችን።

ሻጩ ቅር ሳይለው «የማዘር ክንድ ስንት ሴንቲ ይሆናል?» አለ።

«አጭር ናት» አልኩት።

ግድግዳው ስለማይበቃ ተንሸራታቹ በዚሁ ቀረ። ቀሪው ምርጫ ተካፋቾቹን በብረት ክንድ የሚስበውና የሚገፋው ዓይነት ነው። ከዋጋው በፊት ሁላችንም የምንጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኩ፤ መብራት ሲጠፋስ?

«ባትሪ አለው።»

«ባትሪው ሲያልቅስ?»

«በቁልፍ ይፈታና በሩን እንደ ድሮው በእጅ መግፋት ነው፤ ሲፈታ ቀላል ነው።»

«በአንድ እጅ ይፈታል?»

«እንዴት?» አለኝ። ክራንቼን ከጠረጴዛው በላይ ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ሰውዬው ያን ጊዜ ነው ወሬውን ያቆመው። ግራ እጁን ወደ ኋላ አጠፈና ትልቁን ሞተር በቀኙ ብቻ ሊፈታ ሞከረ። አልሆነም፤ ክዳኑን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ነው ቁልፉ የሚዞረው። ሁለተኛውንም ሞከረ፣ ያው ነው። ወንድሜ ሰዓቱን አየና በረጅሙ ተነፈሰ። ሻጩ ግን እልህ ተያዘ፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ትንሽ ሞተር አወረደ። እጁን ወደ ኋላ እንዳጠፈ ቁልፉን ከተተ፣ አዞረ፣ ተፈታ። እንደገና ቆለፈው፣ እንደገና ፈታው። ሳቀ።

«ይሄ አሻንጉሊት ነው!» አለ ወንድሜ።

«አሻንጉሊቱን እወስዳለሁ» አልኩ። ባላፍር ኖሮ ሻጩን እስመው ነበር።

ሊገጥም የመጣው ባለሙያ በሩ በደንብ እንደሚከፈትና ሞተሩ እንደሚችለው አይቶ ማጠፊያዎቹን ቀባ፣ መሬት የሚገባውን ዘንግ በግራይንደር ቆርጦ ጣለ። ወደ መቀርቀሪያው ሲሄድ እናቴ ከፊቱ ቆመች።

«እሱንስ አትነካውም።»

«ማዘር፣ ሞተሩ ራሱ ይቆልፋል እኮ።»

«መብራት የሚያዘውን በር አምኜ ልተኛ? መቀርቀሪያ የሌለው በር በር ነው?»

«ተቀርቅሮ ሪሞቱ ከተጫነ ሞተሩ ጉዳት ይደርስበታል።»

ብዙ ከተከራከርን በኋላ ማታ ብቻ እንዲቀረቀር፣ ቀን እንዳይነካ ተስማማን። እናቴ እርቁን በጸሎት አጸደቀችው። ከትውልድ አገሯ ከሶዶ ከመጣች ጀምሮ ሳትጸልይበት ቤታችን የገባ ዕቃ የለም፤ ሪሞቱ ላይ እጇን ጭና ጌታ መውጫና መግቢያዬን እንዲባርክ ለመነች። ጸሎቷ አጭር አይደለም። ባለሙያው ግራይንደሩን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ፤ «አሜን» ስትል እሱ አማተበ። ከዚያ ሪሞቱን ስጫን ሁለቱ ተካፋቾች ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ተከፈቱ። እናቴ እልል አለች።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ከአደጋው ወዲህ ሰው በር ሳይከፍትልኝ ከግቢ የምወጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ጠዋት በሩ ተከፈተልኝ፣ ወጣሁ፣ ተዘጋ። ስብሰባው አሰልቺ ነበር፤ እኔ ግን ፈገግ እንዳልኩ ዋልኩ። ስመለስ ዝናቡ ያወርደዋል፣ ኮብልስቶኑ ላይ ውኃ ይሮጣል። ደጃፌ ላይ ቆሜ ሪሞቱን ተጫንኩ።

በሩ ተንቀጠቀጠ፣ ብረት ከብረት ተጋጨ፣ ቆመ። ደገምኩት። ያው። ሦስተኛ ከመጫኔ በፊት ገባኝ። እናቴ ጸሎት ቤት ፕሮግራም ነበራት፤ ስትወጣ እጇ ለዘመናት የለመደውን አድርጎ፣ በሩን ቀርቅራ፣ በትንሿ በር ወጥታ ሄዳለች። ደወልኩላት፤ ጸሎት ላይ ስልኳን ታጠፋዋለች። ቀጥሎ የወንድሜን ቁጥር አወጣሁ። አየሁት። ይህን ቁጥር ከነካሁ የዕቃው መኪና እንደሚመጣ አወቅኩ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩና ለእናቴም፣ ለሞተሩም፣ ለባጃጁም የሚገባቸውን ተናገርኩ። ከዚያ የመኪናዬን በር ከፈትኩ።

የትንሿ በር ቁልፍ አለኝ። ግን ከታች ከፍ ያለ የብረት ደፍ አላት፣ እግርን አንስቶ መሻገር ይጠይቃል፤ ከአደጋው ወዲህ ያለ እናቴ እጅ ተሻግሬው አላውቅም። ከፍቼ ቆምኩ። ዝናቡ ከአንገቴ ወደ ጀርባዬ ይወርዳል። ክራንቹን ወደ ውስጥ ወረወርኩት፤ እንዳልመለስ ይመስለኛል። የበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ። ቀኝ እግሬን አሻገርኩ። ግራው ደጅ ቀረ። ወይ ውስጥ ወይ ውጭ ሳልሆን እንደዚያ ቆሜ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ። ከዚያ ሱሪዬን ጉልበቴ ላይ ጨምድጄ ይዤ ግራ እግሬን ወደ ላይ ጎተትኩት፤ ደፉን ነካ፣ ተንሸራተተ፣ አለፈ።

ላሜራውን ይዤ ቀኝ ጉልበቴን ብቻ አጥፌ ክራንቹን አነሳሁ። መቀርቀሪያው ሞተሩ ስለሳበው ተነክሶ ነበር። ላሜራውን በትከሻዬ ደግፌ ስስበው ለቀቀ። ሪሞቱን ከኪሴ አውጥቼ ተጫንኩ። በሩ ሲከፈት መኪናዬ ዝናብ ውስጥ መብራቷን እንዳበራች ትጠብቀኛለች። በተከፈተው በር ሄጄ ነድቼ አስገባኋት፣ ዘጋሁ፣ ሞተሯን አጥፍቼ እዚያው ተቀምጬ እንደ እብድ ሳቅኩ።

እናቴ ስትመጣ ፀጉሬ ገና አልደረቀም። አየችኝ፣ በሩን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወይኔ ልጄን! ቀርቅሬው ነው የሄድኩት! ማን ከፈተልሽ?»

«ማንም።»

ወደ ትንሿ በር ዞር ብላ ደፉን አየችው። ከዚያ አጠገቤ መጥታ እርጥቡን ፀጉሬን በነጠላዋ ማድረቅ ጀመረች።

እሱን ስትጨርስ ወንድሜ ደወለ።

«እሺ፣ ሞተሩ ሠራ?»

«አልሠራም።»

ምን ብሎ ሊያጽናናኝ እንደሚያስብ ታወቀኝ።

«ታዲያ እንዴት ገባሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«በእግሬ» አልኩት።