አባቴ የተረጎመው ካውቦይ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሞርስ ሮድ ላይ ነዳጅ እየሞላሁ ሳለ ከማደያው ጣሪያ ድምፅ ማጉያ ያ የጥንት የካውቦይ ዘፈን መጣ፣ እኔም ቱቦውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አባቴ መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀምጦ የቀበቶውን መቆለፊያ ይነካካል። የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። የምትከታተለው ነርስ "የድሮ ዘፈን አንዳንዴ ሰውን ይመልሳል" ብላኛለች፤ እንዲህ ዓይነት ወሬ ያናድደኛል፣ ግን አመንኳት፣ ሌላ ምን አለኝና።

ልጅ ሆኜ፣ እሁድ ጠዋት አባቴ አሮጌዋን ቫን አስነስቶ መኪና የሌላቸውን የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች ከየአፓርታማው ይለቅም ነበር፤ እኔ ከኋላ፣ በቫዝሊን፣ በረጠበ ጃኬትና በማስቲካ ሽታ መሃል ተጣብቄ እሄዳለሁ። ዘፈን እኛ ቤት ክልክል ነው፤ የአማርኛው ካሴት ሁሉ አባቴ ጌታን ባገኘ ማግስት ተጥሏል። ይሄ አንድ የካውቦዩ ሲዲ ግን ተረፈ። ይሄስ ዘፈን አይደለም ወይ ሲሉት፣ "እስክስታ ያስመታል? አያስመታም። እንግዲህ ምን ትሉኛላችሁ" ይላቸዋል።

የቤተ ክርስቲያኑ አስተርጓሚም እሱ ነበር። ፈረንጅ ሰባኪ ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ ይተረጉማል፣ ሰባኪው እጁን ሲያነሳ እሱም ያነሳል። ቫኗ ውስጥም እንደዚያው ነው፤ አንድ ስንኝ ያስኬድና ሲዲውን ያቆማል፣ በመድረክ ድምፁ ይተረጉማል፣ ከኋላ ያሉትም አሜን ይላሉ፣ ለካውቦይ። ካውቦዩ በበረዶ ውስጥ ወደ እናቱ ቤት ይጋልባል፣ ፈረሱ ደክሟል፣ እናትየው በሩን ከፍታ ትጠብቃለች።

መሃል ወንበር ላይ የሚቀመጡት እትዬ ብርሃኔ ነበሩ፤ ልጃቸው በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። አንድ እሁድ፣ የመጨረሻው ስንኝ ሳይደርስ ወደ ፊት ጎንበስ አሉና፣ "ወንድም ታደሰ፣ ልጁ ግን ቤቱ ይገባል?" አሉት።

አባቴ በመስታወቱ አያቸው። "ደረሰ፣ እትዬ። እናቱ በር ላይ ተቀበለችው።"

ቫኗ በሙሉ አሜን አለች። ከዚያ በኋላ ካውቦዩ በየእሁዱ ደረሰ።

ሃይስኩል ገብቼ፣ ስልችት ብሎኝ ሲዲውን ብቻዬን እስከ መጨረሻው የሰማሁ ቀን ነው ነገሩ የገባኝ፤ ቤት የሚደርሰው ፈረሱ ብቻ ነው፣ ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ። እንግሊዝኛ አጥቼ አይደለም፣ እንዲያውም በአማርኛ ሲያናግሩኝ በእንግሊዝኛ ነበር የምመልሰው፤ አባቴ ሲተረጉም ግን ሌላ ድምፅ አልሰማም ነበር። ተናደድኩ። "ዳድ፣ ዩ ላይድ" አልኩት፣ ዋሽተሃል ማለቴ ነው። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ከፈለግሽ ሂጂና አንቺ ንገሪያቸው" አለኝ። አልነገርኳቸውም። እትዬ ብርሃኔ ልጃቸውን እንደጠበቁ ሞቱ።

አሁን መኪናው ውስጥ ገብቼ ዘፈኑን በስልኬ ከፈትኩለት፤ የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ አቁሜ፣ በሱ ድምፅ ተረጎምኩት። እጁ ከቀበቶው ላይ ተነሳ። ሁለተኛውን እኔን ቀድሞ ራሱ ተረጎመው፣ በዚያው የመድረክ ድምፅ፣ እኔም አሜን አልኩ፣ እያለቀስኩ። በበረዶው ውስጥ አብረን ጋለብን። መጨረሻው ሲመጣ ቸኩዬ፣ "ደረሰ፣ እናቱም በር ላይ ተቀበለችው" አልኩ።

ዞሮ አየኝ፣ እንግዳ ሰው በሚታይበት ጨዋ ዓይን።

"አልደረሰም፣ እህቴ። ፈረሱ ብቻ ነው የገባው። የተባለውን ተርጉሚ እንጂ።"

ቀበቶውን ወደ መነካካቱ ተመለሰ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ አንዱ ክላክስ አደረገ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ከዘፈኑ አንድ ቃል አልጠፋበትም። የጠፋብኝ፣ የቱ ጋ መዋሸት እንዳለበት ያውቅ የነበረው ሰውዬ ነው።